የሦስት ዋት ባላባት

ፒያሳ ላይ ዘንድሮ መብራት ያልደረሰው ሳይክል ብቻ ነው። ዛፉ በርቷል፤ ግንዱ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞበት እስከ ቅርንጫፉ ይንቦገቦጋል። አጥሩ በርቷል። የደረጃው ጠርዝ በርቷል። ፏፏቴው ከሥሩ አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ቀይ ይሆናል። የባንኩ ስም፣ የካፌው ስም፣ የወርቅ ቤቱ ስም በየግንባሩ ላይ እየሮጠ ይነበባል። ድሮ ጨለማ ጥግ ፈልጎ ከወዳጁ ጋር የሚቆም ጎረምሳ፣ ዛሬ መሸሸጊያ አጥቶ ካፌ ገብቶ ውድ ማኪያቶ ለማዘዝ ተገዷል። እኔ ራሴ ማታ ማታ አግዳሚ ወንበር ላይ ስቀመጥ መላጣዬ ቀለም እየቀያየረ ያበራል ይሉኛል።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ብርሃን መሀል አንድ ልጅ ጥቁር ጃኬት ለብሶ፣ ጥቁር ኮፍያ ደፍቶ፣ ጥቁር ሳይክል ላይ ተፈናጦ ከማዘጋጃ ቤት በኩል ቁልቁል ይመጣል። ከፊቱ መብራት የለ፣ ከኋላው መብራት የለ፣ ደወል የለ። ጆሮው በሙዚቃ ተደፍኗል። መምጣቱን የማውቀው ካለፈ በኋላ፣ ንፋሱ ጋቢዬን ሲገልበው ነው። ዞር ብሎ ደግሞ «አባባ፣ ይጠንቀቁ እንጂ!» ይለኛል። ምኑን አይቼ ነው የምጠነቀቀው? ዛፉን ነው? ዛፉማ ይታያል፤ ዛፉማ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ ቆሟል፤ ቆሞ ላለ ዛፍ መብራት ሰጥተው ለሚከንፍ ልጅ የነፈጉት ምን ብለው ነው?

መንገዱን አልከስም። ኮሪደር ልማት የተባለው በ2016 ዓ.ም. መጥቶ ዶሮ ማነቂያ ሰፈርን ሲያነሳ ስንቱ ጎረቤቴ በየአቅጣጫው ተበተነ። እሱን ማማረር ከጀመርኩ ዛሬ አንላቀቅም፤ ለሌላ ቀን ይቆየኝ። የሳይክል መንገዱ ግን፣ ሐሰት አልናገርም፣ ደህና ነው። አራዳ ውስጥ ለሳይክል ብቻ ተለይቶ መንገድ ይነጠፋል ብሎ በወጣትነቴ የነገረኝ ሰው ቢኖር፣ ቤተሰቦቹ ቶሎ ጠበል እንዲወስዱት እመክር ነበር። እኛ የነዳነው ከታክሲው፣ ከአውቶቡሱና ጭነት ከተሸከመው አህያ ጋር እየተጋፋን ነው። መንገድ አልነበረንም፤ በዲናሞ የሚበራ መብራት ግን ነበረን። እነሱ መንገድ አላቸው፤ መብራት የላቸውም። እግዜር ሁለቱን ለአንድ ትውልድ ላይሰጥ ምሏል መሰለኝ።

ዲናሞ ምን እንደሆነ ማስረዳት የሚጠበቅብኝ ዕድሜ ላይ መድረሴ ራሱ ያናድደኛል። ይሁን። ከኋላው ጎማ አጠገብ ብረቱ ላይ የምትታሰር፣ የሽቶ ጠርሙስ የምታህል ነገር ናት። አናቷ ላይ ጥርስ ጥርስ ያላት ትንሽ ክብ አለች። ቀን ቀን ከጎማው ራቅ ብላ ትተኛለች። ሲመሽ ጫን ሲሏት በሞላዋ ተስፈንጥራ የጎማውን ጎን ትነክሳለች። ከዚያ በኋላ ጎማው አንዴ በዞረ ቁጥር እሷ ደጋግማ ትሽከረከራለች። ሆዷ ውስጥ ማግኔት አለ፤ ከማግኔቱ አጠገብ የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ፤ ማግኔቱ ሲዞር ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። አንዲት ቀጭን ሽቦ ወደ ፊት መብራት ትሄዳለች፣ አንዲት ደግሞ ወደ ኋላዋ ቀይ። መመለሻ ሽቦ አያስፈልግም፤ የሳይክሉ ብረት ራሱ መመለሻ ነው። ባትሪ የለ፣ ቻርጅ የለ፣ ቆጣሪ የለ። የወሩን ሂሳብ አልከፈልክም ብሎ መጥቶ የሚቆርጥ የለ።

ጉልበቷ 6 ቮልት፣ 3 ዋት ነበር። ከሦስቱ ዋት 2.4ቱ ለፊት፣ 0.6ቱ ለኋላ። ዛሬ የልጅ ልጄ ስልኩን የሚሞላበት ዕቃ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያወጣል አሉ፤ አውጥቶስ ምን አሳየን? የሰው ፎቶግራፍ። እኔ በዚያች ሦስት ዋት ከጊዮርጊስ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ አውቀዋለሁ። ደጃች ውቤ ሰፈር ስደርስ ልጆቹ «ባላባቱ መጣ!» ይሉኝ ነበር። ርስት የለኝ፣ ጉልት የለኝ፤ ባላባትነቴ ከፊቴ በምትሄደው ቢጫ ክብ ብርሃን ብቻ ነበር።

ድምፅም ነበራት። እዝዝዝ ትላለች። ጎማውን ስትፍቅ የሚሰማው ያ ድምፅ ደወል አያስፈልገውም፤ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ያውቀኛል፣ የመንደሩ አባት ሁሉ ያውቀኛል። አንድ የማልጠራት ልጅ ቤት በኩል ሳልፍ አባቷ ገና ድምፁን ሲሰሙ በር ላይ ይወጡ ነበር። በእግሩ የሚሄድ ተፎካካሪዬ ግን ኮቴው ሳይሰማ ገብቶ ወጣ፤ በመጨረሻም አገባት። ቴክኖሎጂ ሁልጊዜ ይጠቅማል ለሚሉ ይህን ምሳሌ እሰጣለሁ።

የዲናሞን ሙያ ያሳዩኝ ሠራተኛ ሰፈር የነበሩ አንድ አዛውንት ሳይክል ጠጋኝ ናቸው። ዲናሞ ሲፈቱ ማግኔቱን በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡታል፤ ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም። «ይኼ ድንጋይ ያልበላውን ያበላል፣ ያልጠጣውን ያጠጣል» ይሉኛል። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ግን የተከበረ ነገር መሆኑ ገብቶኛል። ማግኔትን አንቀሳቅሶ ኤሌክትሪክ የማግኘትን ጥበብ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1831 ለዓለም የገለጠው ማይክል ፋራዴይ የሚባለው እንግሊዛዊ ነው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ፣ እሱ ራሱ መጽሐፍ ጥረዛ እየተማረ ያደገ ልጅ ነው። ሠራተኛ ሰፈር ተወለደ ቢሉኝ አይገርመኝም ነበር። ብቻ እኛ ዘንድ ቢወለድ የቀጥቃጭ ልጅ ነው፣ ዓይኑ አይጣል ነው እያልን ስንሸሸው ማግኔቱን ሳያገላብጠው ይቀር ነበር። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት እኮ በባዶ ሜዳ አይደለም።

ኋላ ደግሞ ስተርሚ አርቸር የሚባለው የኖቲንግሃም ፋብሪካ ዲናሞውን ከጎማው ጎን አንስቶ እምብርቱ ውስጥ ከተተው። ፍቀቱ ቀረ፣ ጩኸቱ ቀረ። ይህ በፈረንጆች 1936 መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት እኛ ዘንድ ጣልያን አዲስ አበባ ገባ፤ ገብቶም የአራዳን ገበያ ነቅሎ ወደ መርካቶ አዛወረው። ሰው ማግኔት ወደ መሀል ሲያስገባ እኛ ገበያችንን ከመሀል ተቀማን። ያ እምብርት ውስጥ የሚገባው ዲናሞ ሰፈራችን ሲደርስ አላየሁም። የእኛ እድል ፋቂዋና ጯሂዋ ነበረች።

አሁን ስለ ቸርችል ጎዳና ልንገራችሁ። ዲናሞን የፈጠረው ሰው ሜዳ አገር የኖረ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ያም አልበቃ ብሏት ራሷም ዳገትና ቁልቁለት የሆነች ከተማ ናት። ለገሃር ዕቃ ተቀብሎ ወደ ፒያሳ የሚመለስ ተላላኪ፣ ማለትም እኔ፣ ፖስታ ቤትን አልፎ፣ ጥቁር አንበሳን አልፎ፣ ቴዎድሮስ አደባባይን አልፎ እስከ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ መግፋት አለበት። ዲናሞ ደግሞ ፍጥነት ካላገኘች ብርሃን አትሰጥም። ዳገቱ ላይ እግሬ ይዝላል፤ እግሬ ሲዝል ጎማው ይዘገያል፤ ጎማው ሲዘገይ መብራቱ ይደበዝዛል። ያም ሆኖ ዲናሞዋ ጎማውን ነክሳ ወደ ኋላ ትጎትተኛለች። ብርሃን ሳትሰጠኝ ጉልበቴን ትበላለች። ይህን ዓይነት ቤት አከራይ በኋላ ዘመን ብዙ አይቻለሁ።

መብራቴ ሙሉ በሙሉ የምትጠፋው ደግሞ ሁልጊዜ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ሰይጣን ቤት ስደርስ ነበር። የከተማው የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ናት፤ ሰው በግድግዳ ላይ ሲንቀሳቀስ ያየ ሕዝብ ያወጣላት ስም እስከ ዛሬ አለቀቃትም። እናቴ ሁለቱን ነገር አገናኝታ «እሱው ነው እፍ እያለ የሚያጠፋብህ፤ ስታልፍ አማትብ» ትለኝ ነበር። የማማትበው በየትኛው እጄ ነው? አንዱ መሪ ይዟል፣ አንዱ ዕቃ ይዟል። ዳገቱ ነው ብላት አላመነችኝም። ዳገት መብራት ያጠፋል ብሎ የሚያምን ሰው ያን ጊዜም አልነበረም፣ አሁንም የለም።

ቁልቁለቱስ? ቁልቁለቱ የባሰ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ስለቀቅ ዲናሞዋ ታብዳለች። ብርሃኑ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ነጭ ይሆናል፤ የቴዎድሮስ አደባባይ መድፍ ከነአፉ ጥርት ብሎ ይታየኛል። በዚያች ቅጽበት በከተማው ውስጥ ከእኔ በላይ የበራለት ሰው የለም። ፍሬኑ ግን አይዝም። ከዚያ የፊቱ አምፖል ጧ ይላል። የፊቱ ሲቃጠል እሱ ይወስድ የነበረው ኃይል ሁሉ ወደ ኋላዋ ትንሿ ቀይ ይዞራል፤ እሷ ደግሞ የለመደችው 0.6 ዋት ነውና ድንጋጤውን አትችልም፤ ወዲያው ትከተለዋለች። ባልና ሚስት በአንድ ሌሊት። የሁለት አምፖል ዋጋ ከተላላኪ ኪስ ወጥቶ እስኪሟላ ድረስ ሳምንቱን በጨለማ ነበር የምነዳው። እንግዲህ ስሌቱን ስሩት፦ ዳገት ላይ መንገዱን ለማየት ጊዜ አለኝ፣ ብርሃን የለኝም፤ ቁልቁለት ላይ ብርሃን አለኝ፣ ለማየት ጊዜ የለኝም። ሜዳ ላይ ሁለቱም ይኖሩኝ ነበር፤ አራዳ ውስጥ ግን ሜዳ ማን ሰጥቶኝ?

ሐምሌና ነሐሴማ አይነሳ። ጎማው ሲረጥብ የዲናሞዋን ጥርስ ያንሸራትተዋል። ጎማው ይዞራል፣ እሷ ቆማ ታያለች። ዝናብ ሲዘንብ የሚጠፋ መብራት በዚህ ከተማ አዲስ ነገር አይደለም፤ እኔ ግን የራሴን በግሌ ይዤ እዞር ነበር።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ሰላምታ ነው። ዲናሞ ሲቆሙ ይጠፋል። ጠቅላላ ነገሩ ይኸው ነው፤ ጎማው ካልዞረ ማግኔቱ አይዞርም፤ ማግኔቱ ካልዞረ ብርሃን የለም። ለፈረንጅ ይህ ችግር አይደለም፤ እጁን አውለብልቦ ያልፋል። እኛ ዘንድ ግን ታላቅ ሰው መንገድ ላይ አግኝቶ ከሳይክል ሳይወርዱ ማለፍ ነውር ነው። ትወርዳለህ። ባርኔጣ ታነሳለህ። መብራቱ ይጠፋል። ከዚያ በድቅድቅ ጨለማ «እንደምን አመሹ? ደህና ነዎት? ቤተሰብ ደህና? ልጆች ደህና?» ይጀመራል። ሦስተኛው «እግዜር ይመስገን» ላይ ስደርስ ነው ድምፁን ለይቼ የማላውቀው ሰው መሆኑን የምረዳው። እሳቸውም አያውቁኝም። ግን ከተጀመረ አይቋረጥም፤ ስለ ማንም ደህንነት ተጠያይቀን፣ ተመራርቀን እንለያያለን። ስንቱን የማላውቀውን ቤተሰብ ደህንነት ጠይቄያለሁ መሰላችሁ።

አንድ ምሽት ደግሞ ከጊዮርጊስ ወደ ታች ስወርድ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ ነፍቶ አስቆመኝ። ቆምኩ። ጠፋ።

«መብራትህስ?»

«አለ፣ ጌታዬ።»

«የታለ?»

«ስቆም ይጠፋል።»

«መብራት የሚያስፈልገው ታዲያ መቼ ነው?»

«ስሄድ።»

«እስቲ አብራው።»

«ልሂድና ላሳይዎት?»

«ልታመልጥ ነዋ!»

ሁለታችንም ትክክል ነበርን፤ ስለዚህ ሊያልቅ አልቻለም። ሰው ተሰበሰበ። ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለሕግ ቆመ። አንዱ ሽማግሌ ዋስ ልጥራ አሉ። በመጨረሻ አንድ ሊስትሮ ሳጥኑን አስቀመጠና ኮርቻውን ይዞ የኋላውን ጎማ ከመሬት አነሳ፤ በሌላው እጁ ፔዳሉን አሽከረከረው። መብራቱ ቦግ አለ፤ የፖሊሱን ፊት አበራው። ፖሊሱ ለሊስትሮው «ጎበዝ!» አለው፤ እኔን «ሂድ!» አለኝ። ሊስትሮው ከእኔ የአሥር ሳንቲም ጉርሻ ተቀበለ። ያ ልጅ ተምሮ ከሆነ ዛሬ የአንድ ግድብ ሥራ አስኪያጅ ነው።

በደርግ ጊዜ የመጣው ሰዓት እላፊ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር። ሰዓቱ ሊደርስ ሲል ትቸኩላለህ። በቸኮልክ ቁጥር ጎማው ይፈጥናል፣ መብራቱ ይደምቃል። የምትሸሽ ሰው ይበልጥ በሸሸህ ቁጥር ይበልጥ የምትታይበት መሣሪያ ከዲናሞ ሌላ አላውቅም። ዲናሞዋን በእግሬ ገፍቼ ከጎማው እያላቀቅኩ በጨለማ ቤቴ የገባሁባቸው ምሽቶች ነበሩ። ይህን የማወራው እንድትስቁ ነው፤ ያኔ ግን አልሳቅኩም።

የዲናሞን ነገር ያበላሸው ስፖርት ነው ብዬም አምናለሁ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ገረመው ደንቦባ ከጓደኞቹ ጋር በብስክሌት ተወዳድሯል፤ ሮምም ሄዷል። ክብር ይገባቸዋል፤ አንድም ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ በሰፈራችን ጎረምሶች ላይ ነው። የውድድር ሳይክል መብራት እንደሌለው ባዩ ጊዜ ሁሉም መፍቻ አነሱ። ፓራፋንጎ ተፈታ። ደወል ተፈታ። ዲናሞ ተፈታ። ቀላል ከሆነ ይፈጥናል አሉ። አንዳቸውም ሜልቦርን አልደረሱም፤ ብዙዎቹ የደረሱት ቦይ ውስጥ ነው፣ ያውም በጨለማ። የዛሬው ባለ ጥቁር ጃኬት የእነሱ የመንፈስ ልጅ ነው።

የልጅ ልጄ አምስት ኪሎ ምህንድስና ይማራል። ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ አብረን በቴሌቪዥን እያየን ነበር። እኔ እንባዬን እጠርጋለሁ፤ እሱ ወደ እኔ ዞሮ «አባባ፣ ይኼ እኮ ያንተው ዲናሞ ነው» አለኝ። በጥፊ ልለው ነበር። ቀልዱን መስሎኝ ነበርና። እሱ ግን የምሩን ነው፦ ውሃው ተርባይኑን ያዞራል፣ ተርባይኑ ማግኔቱን ያዞራል፣ በዙሪያው የመዳብ ሽቦ አለ፤ የአንተን እግር በዓባይ ተካው በቃ፤ አለኝ። «ያንተ አንድ ነበር፤ ይኼኛው 13 ተርባይን አለው፤ 5,150 ሜጋ ዋት።»

ወረቀት አስመጣሁ። ለሦስት ዋት አካፍል አልኩት። 1.7 ቢሊዮን ሳይክል ገደማ መጣ። የኢትዮጵያ ሕዝብ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው ቢባል፣ ጡት የሚጠባው ሳይቀር፣ አንዱ ሰው አሥራ አራት ሳይክል ባንዴ መንዳት አለበት፤ ያውም ሳይቆም፣ ያውም ማንንም ሰላም ሳይል። ዓባይን የዚያን ቀን ይበልጥ አከበርኩት። ቀጥሎ ቆቃን አሰላን፤ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። ቀጥሎ የአባ ሳሙኤልን፤ 6.6 ሜጋ ዋት፤ 2.2 ሚሊዮን ሳይክል። ይኼኛውን ሳየው ደስ አለኝ። በወጣትነቴ ጊዜ የአራዳን ልጅ ሁሉ ሰብስቤ፣ መርካቶንና ጉለሌን ጨምሬ፣ አባ ሳሙኤልን ባላሸንፈውም አሳፍረው ነበር።

በእግር መብራት ማመንጨት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከእኔ በላይ ባለቤቴ ታውቃለች። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ መብራት በፈረቃ ሲሆን አሮጌዋን ሳይክል ከቆጥ አወረድኩ። የኋላ ጎማዋን ከመሬት አንስቼ በሁለት ዱካ አስደገፍኳት፤ የፊቱን መብራት በረጅም ሽቦ ወደ ማዕድ ቤት ዘረጋሁት። ወጣሁና መንዳት ጀመርኩ። እሷ ሽሮ ታማስላለች፤ እኔ ሳሎን መሀል ሆኜ የትም አልሄድም። መጀመሪያ ላይ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አደነቀ። ሽንኩርቱ ሳይበስል ግን እግሬ ዛለ። ከማዕድ ቤት «ፍጠን እንጂ፣ ጨው ይሁን ስኳር አልታየኝም!» የሚል ድምፅ ይመጣል። እፈጥናለሁ፤ ይደምቃል። እተነፍሳለሁ፤ ይደበዝዛል። ዲናሞ ከእግር የሚቀበለውን ሁሉ ወደ ብርሃን አይቀይረውም፤ ብዙውን በፍቀትና በሙቀት ያባክነዋል፤ እኔ ለሦስት ዋት የምከፍለው ከሦስት ዋት እጥፍ በላይ ነው። ራት ሲቀርብ የበላሁትን አይታ ባለቤቴ ሂሳቡን ዘጋችው፦ «ለሦስት ዋት ሦስት እንጀራ! ሻማው ይሻለናል።» በማግስቱ ሳይክሏ ቆጥ ላይ ተመለሰች።

እንግዲህ ዲናሞ እንከን አልነበረባትም አልልም፤ ከላይ የዘረዘርኩትን ሁሉ እኔው ነኝ የተናገርኩት። ግን ስሙኝ። ዛሬ ያ እንከን ሁሉ ተቃንቷል። የልጅ ልጄ በስልኩ አሳየኝ፤ እምብርት ውስጥ የሚገባው ዲናሞ ዛሬ ሲነዱት አይሰማም። አምፖሉ ክር የሌለው ኤል ኢ ዲ ሆኗል፤ በዚያችው ሦስት ዋት የእኔን መብራት ብዙ ጊዜ እጥፍ ያበራል፤ ቁልቁለት ላይ እንዳይቃጠልም መቆጣጠሪያ አለው። ይባስ ብሎ ትንሽ ኤሌክትሪክ የምታቁር ካፓሲተር የምትባል ነገር ተጨምራለታለች፤ ሳይክሉ ሲቆም መብራቱ ለደቂቃዎች ይቆያል። ለደቂቃዎች! የቤተሰቡን ደህንነት ሁሉ ጠይቀህ፣ ፖሊሱንም አሳምነህ፣ ሰይጣን ቤትንም አልፈህ የምትጨርስበት ጊዜ። ያ ዕቃ ያኔ ቢኖር የማን ባል እንደምሆን እግዜር ያውቃል። (ባለቤቴ ይህን ካነበበች፣ ቀልድ ነው።)

ጀርመኖች እንኳ ሳይክል ዲናሞ ይኑረው የሚለውን ሕጋቸውን እስከ 2013 ድረስ፣ በእነሱ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ይዘውት ቆይተዋል። ከዚያ ወዲህ በባትሪም ይሁን ብለው ፈቀዱ። ፈቀዱ እንጂ ያለ መብራት ንዱ አላሉም። እኛ ዘንድ ዲናሞውም ሄደ፣ ባትሪውም አልመጣ። ልጁን አስቁሜ «መብራት አታስርም?» ብለው «አባባ፣ ነበረኝ፤ ቻርጅ ዘግቶ ነው» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «መንገዱ እኮ ብርሃን ነው፣ ምን ያደርግልኛል?» ይለኛል። ይኼኛው ነው ደሜን የሚያፈላው። የሳይክል መብራት አንተ መንገዱን እንድታይ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ አንተን እንዲያይ ነው። ሚኒባሱ እንዲያይህ ነው። ልጇን አዝላ የምትሻገረው ሴት እንድታይህ ነው። ጋቢ ለብሶ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ እግሩን ሰብስቦ እንዲያሳልፍህ ነው። ፒያሳ ውስጥ ያለው ብርሃን ሁሉ ደግሞ የፒያሳ ነው፤ ወደ እሪ በከንቱ ቁልቁል ታጥፈህ አንድ ምሽት መብራት ቢጠፋ፣ ጌጠኛው ዛፍ ተከትሎህ አይመጣም።

ስለዚህ ሳይክል የምታስመጡና የምትሸጡ ነጋዴዎች ሆይ፣ ለውበት ብላችሁ ከምትለጥፉት ተለጣፊ አንዱን ቀንሱና መብራት ጨምሩበት፤ ዲናሞ ያለው ካገኛችሁ እሱን አምጡ፣ ዋጋውን ትንሽ ከፍ ብታደርጉም እኔ በግሌ አልከሳችሁም። መንገዱን ያነጠፋችሁ ሹማምንት፣ ዛፉ ላይ ካለው ሽቦ ለዛፉ ይብቃው፤ ያለ መብራት በማታ የሚነዳውን አስቁማችሁ ምከሩት። ባለ ጥቁር ጃኬቱ ልጄ፣ አንተ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ነጩን ከፊት፣ ቀዩን ከኋላ እሰር። ማሰሪያ ከቸገረህ ከጊዮርጊስ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ታገኘኛለህ፤ መፍቻ አለኝ።